ጋቢ ያልተከናነብኩበት መርዶ

ሰኞ፣ ጥቅምት 12

ለወዳጅ ዘመድ በሙሉ። ከባድ የሐዘን ዜና ነው፤ የቆመ ይቀመጥ፣ የተቀመጠ ልቡን ይያዝ። የግራ እግር ጫማዬ ሶል ለብዙ ጊዜ አፉን ከፍቶ ሲማቅቅ ቆይቶ፣ ዛሬ ረፋዱ ላይ ከሞላሌ ብዙም ሳንርቅ ከዚህ ዓለም ድካም አርፏል። ሟች ባለትዳር ነበር። ባለቤቱ የቀኝ ጫማዬ በሕይወት አለች፤ እሷም ብትሆን ደህና አይደለችም።

ይህን የተናገርኩት ጋቢዬን እስከ ግንባሬ ተከናንቤ፣ ዱላዬን ተመርኩዤ፣ ድምፄን እንደ ሽማግሌ አጎርንኜ ነው። ጋሼ ሽፈራው የበቅሏቸውን ልጓም እንደያዙ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ቀብሩ የት ነው አሉ። እዚሁ አስታው ቁጥቋጦ ሥር አልኳቸው። "ሰልስቱስ? ንፍሮ የሚቀቅል አለ?" እሳቸው እንዲህ ናቸው፤ ቀልድ ከተጀመረላቸው ከእኔ ብሰው ይቀጥሉታል። ባዶ እግሬን መሄድ ስለማልችል ሟቹን ከቀብሩ አስነስተን በሲባጎ አሰርነው።

መርዶ ማስመሰል ሙያዬ ነው። የጎረቤት ዶሮ፣ የተሰበረ ሞፈር፣ የጠፋ ቁልፍ፣ ሁሉንም ተከናንቤ አርድቻለሁ። የስምንተኛ ክፍል ፈተና ስወድቅም ለእናቴ የነገርኳት እንደዚሁ ነው። እሷ አልሳቀችም። እኔና ትምህርት ከዚያ ወዲህ በሰላም ተለያየን።

ሥራችን ይኸ ነው። ከአዲስ አበባ የመጡ የእግር ጉዞ ሰዎች፣ ከሞላሌ ተነስቶ በጓሳ አድርጎ ግሼ ራቤል የሚያደርሰውን የድሮ የነጋዴ መንገድ ለእንግዶች ሊከፍቱት ነው። የመኪናው መንገድ ከወጣ ወዲህ ሰው ትቶታል። ጋሼ ሽፈራው በጎልማሳነታቸው በቅሎ እየጫኑ የተመላለሱበት ስለሆነ መንገዱን ያሳያሉ። እኔ ድንጋይ ላይ ቢጫ ቀለም እቀባለሁ፣ ያየነውን እጽፋለሁ። ለሰዎቹ የሚሰጠውን በኋላ አሳምሬ እገለብጠዋለሁ። ይኸኛው የራሴ ነው።

የዛሬው፦
ውሃ፦ አለ፣ ቀዝቃዛ።
ጥላ፦ የለም።
ምሳ፦ በሶ።
እራት፦ የምሳው ወንድም።
የሚያምር ነገር፦ ገደሉ አፋፍ ላይ ሲቆሙ ቆላው ሁሉ ከሥር ተዘርግቶ ይታያል። ጋሼ ከዚህ በላይ አትጠጋ አሉኝ። ተጠጋሁና የወደቅኩ መሰልኩ። ዱላ አቀመሱኝ።

በቅሎዋ ላይ ባዶ ጀሪካን ተንጠልጥሏል። ነዳጅ ሊነግዱ ነው ወይ ብዬ ስነተርካቸው ዋልኩ። ማታ እሳት ስንሞቅ ነገሩኝ። ጋሼ የተወለዱት ግሼ ነው። እናታቸው ስትሞት ገና አፍ ያልፈቱ ሕፃን ነበሩ። እህታቸው እትዬ ዘነበች፣ እሷም ልጅ ሆና፣ ወንድሟን አዝላ በዚሁ በምንቀባው መንገድ ሞላሌ አክስታቸው ዘንድ አመጣቻቸው። አሁን አርጅታለች፣ ጉልበቷን ያማታል። ከተወለድንበት ደብር ጠበል ቢደርስልኝ እያለች ስታነሳ ከርማለች። "የናንተ ቢጫ ቀለም ሰበብ ሆነኝ" አሉ።

ስትታዘሉ ምን ያህል ትከብዱ ነበር ብዬ ጠየቅኳቸው። "እንደ ግልገል። አሁን ግን አንተ ልታዝለኝ ትችላለህ፤ ና ሞክር።" ሞከርኩ። ሁለታችንም ተዘረርን።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 13

ጓሳ ገባን። ሣሩ ውርጭ አዝሎ ነጭ ሆኖ አደረ። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ፀሐይ ይሞቃሉ፤ አንዱ የትምህርት ቤታችንን ዲሬክተር ይመስላል፣ እጅ ነስቼ አለፍኩ። የሣሩ ጠባቂ ሰውዬ ፈቃዳችንን ካየ በኋላ፣ አገሩን ሁሉ ቢጫ እንዳታደርጉት ሲል አስጠነቀቀን። ስለዚህ ድንጋዮቹን በአንድ ወገን ብቻ ቀባኋቸው፣ ወደ ግሼ ለሚሄድ ሰው በሚታየው በኩል። ቀለምም ይቆጥባል። ጎበዝ ነኝ ብዬ ራሴን አመሰገንኩ።

ኔትወርክ፦ ከአፋፉ ላይ አለ። ባይኖር ይሻል ነበር።

የደወለው ታደሰ ነው፣ የእትዬ ዘነበች ልጅ። ብቻህን ነህ ወይ አለኝ። ጋሼ ከታች በቅሎዋን እያጠጡ ነበር። ብቻዬን ነኝ አልኩት። እናቱ ዛሬ ጠዋት ከመኝታዋ ተነስታ፣ ደጃፍ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ፣ እዚያው ቀረች። ቀብሯ ዛሬ ነው፤ ጋሼ ለቀብሩ እንደማይደርሱ ታውቋል። ሰልስቷ ሐሙስ ነው።

"እንዳትነግረው" አለኝ። "መርዶ ሜዳ ላይ አይነገርም። ደጋፊ ሰው በሌለበት፣ ገደል ባለበት። ነገ ማታ ሞላሌ ሳትገቡ እትዬ አስካለ ቤት አድርስልኝ። ሐሙስ ሲነጋ ሽማግሌ ይዤ እመጣለሁ። ቀብሯ ላይ ካልቆመ በሰልስቷ እንኳ ይገኝ።"

ምን ብዬ ልመልሳቸው አልኩ።

"አንተ ውሸት አጥተህ ታውቃለህ?"

እውነቱን ነው። ዛሬ ግን አጣሁ። ስወርድ ጋሼ ማን ነው አሉኝ። እናቴ ናት፣ የጫማህ ሐዘን እንዴት ሆነ ትላለች አልኩ። ሳቁ።

ከዚያ በኋላ ያለው ክፉ ነው። ዝም ካልኩ ይነቁብኛል፤ እኔ ዝም ያልኩበት ቀን ወይ ታምሜያለሁ ወይ ሰው ሞቷል። ስለዚህ እስኪመሽ ለፈለፍኩ። በቅሎዋን አማሁ፣ ጭላዳውን አማሁ፣ ራሴን አማሁ። ሁሉንም ሳቁልኝ። እንደዛሬ የተሳቀልኝ ቀን የለም። 

ለመመለስ የተደረጉ ሙከራዎች፦
ሆዴን አመመኝ አልኩ። ፌጦ በጥብጠው አጠጡኝ። አሁን እውነትም ያመኛል።
ዝናብ ሊመጣ ነው አልኩ። ሰማዩ ላይ አንዲት ደመና የለችም። ዓይኔን አዩት፣ ታመመ እንዴ ብለው።
ቀለሙን ደፋሁት። ጣሳውን ሆን ብዬ በእግሬ መታሁት። ቢጫው ሣሩ ውስጥ ሰጠመ። እንግዲህ ያለ ቀለም ምን ይሠራል፣ ሞላሌ ተመልሰን ሌላ እናምጣ አልኳቸው። ጋሼ አልተቆጡም። ድንጋይ አነሱና በድንጋይ ላይ ደረደሩ። ድሮ ነጋዴ መንገዱን የሚያውቀው በዚህ ነበር አሉ። "ለእህቴ ጠበሏን ሳልይዝማ አልመለስም።"

በጠባቂዎቹ ጎጆ ነው ያለነው። በሶ በጠበጥን። ለነገ የሚሆን ውሸት እየፈለግኩ ነው። ለእህታቸው ብለው ወደ ፊት የሚሄዱትን ሰው፣ ለእህታቸው ብዬ ወደ ኋላ መመለስ አለብኝ። ጠዋት ወደ ግሼ ከቀጠሉ ሰልስቱ ያልፋቸዋል። ያን ካሳለፍኩባቸው በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 14

ነገርኳቸው።

እንዲህ ነበር። ማልደን ወደ ግሼ ቀጠልን። እግሬ ወለም አለኝ ብዬ ነበር፤ በቅሎዋ ላይ ልጫንህ ሲሉኝ ዳነልኝ። ትንሽ ወንዝ ጋ ደረስን። ጋሼ ጀሪካኑን ፈቱትና አሸተቱት። ናፍጣ ናፍጣ ይላል፣ ጠበል አይቀዳበትም አሉ። ተንበርክከው በአሸዋና በሣር ያሹት ጀመር። ውስጡ ጠጠር ጨምረው ያንኳኳሉ፣ ያለቀልቃሉ፣ እንደገና ያሸታሉ። እያንጎራጎሩ። ከዚያ ወዲያ አልቻልኩም።

"ጋሼ፣ እትዬ ዘነበች አርፈዋል።"

ቀና እንኳ አላሉም። ሳቁ። "ነፍሷን ይማር። ምን ገደላት፣ ያንተ ጫማ?"

ትናንት ጠዋት ነው፣ የደወለው ታደሰ ነው አልኩ። ታደሰማ ንፍሮ መቀቀል አይችልም አሉ፤ አንተ ከቀቀልከው ደግሞ እኔ አልቀምስም። ድምፃቸውን እንደ አልቃሽ ሴት አቅጥነው ሙሾ አወረዱ። ለገዛ እህታቸው። ጉልበቷን እያመማት ወዴት ነው የሄደችው፣ ከዘራዋን ማን ያዘላት፣ እያሉ። እኔ ቆሜያለሁ። ይኸን ሙሾ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ።

ሳልስቅ ስቀር ቀና አሉ። ፊቴን አላዩም፣ ትከሻዬን ነው ያዩት።

"ጋቢህን አልተከናነብክም" አሉ።

ጀሪካኑ ከእጃቸው ወጣ። ውሃው ትንሽ ወሰደውና ድንጋይ ላይ አስቀመጠው። ማንኛችንም አላነሳነውም። ደጋፊ ሰው የለም፣ ፊት የሚያስታጥብ የለም። እጃቸውን ልያዝ አልያዝ አላወቅኩም። ልያዝዎት እንዴ አልኩ እንደ ጅል። እሳቸው አሸዋውን ከጣቶቻቸው መሃል እያወጡ ብዙ ቆዩ።

"ትናንት በሶ ስንበጠብጥ ታውቅ ነበር?"

አውቅ ነበር አልኩ።

"ታዲያ እንዴት ተኛህ?"

"አልተኛሁም፣ ጋሼ።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። ተነሱና በቅሎዋን ወደ መጣንበት አዞሯት። እትዬ አስካለ ቤት ማታ መድረስ እንዳለብን፣ ሐሙስ ሰልስት እንደሆነ ነገርኳቸው። አልመለሱልኝም። ቀለም እየቀባን፣ እየተሟገትን ቀስ ብለን የመጣነውን መንገድ በአንድ ቀን ልንመልሰው ነው። እሳቸው ፊት ፊት ይሄዳሉ። በቅሎዋ እንኳ አልደረሰችባቸውም።

ጓሳ መሃል ላይ ጉም ወረደብን። ረጃጅሞቹ የጅብራ ተክሎች ቆመው የሚጠብቁን ሰዎች መሰሉ። ጋሼ ቆሙ። ወደ ግራ ሄዱ፣ ተመለሱ፣ ወደ ቀኝ ሄዱ፣ ተመለሱ። ከዚያ ሣሩ ላይ ቁጭ አሉ።

መንገዱ ጠፋኝ አሉ። እሳቸው። ዓይናቸው ታስሮ የሚሄዱበት መንገድ።

ምልክቱን እንፈልግ አልኩና ድንጋይ ለድንጋይ ሮጥኩ። ሁሉም ግራጫ ነው። አንድም ቢጫ የለም። መጀመሪያ ሌላ ቦታ የገባን መስሎኝ ደነገጥኩ፤ ወዲያ ማዶ ገደል ነው። በኋላ ገባኝ። የቀባሁት ለሚሄድ ነው። ለሚመለስ ሰው ምንም አልቀባሁም። እኔ ጎበዙ።

ስለዚህ እንዲህ አደረግኩ። ጋሼን በቅሎዋን ይዘው እዚያው ይቁሙ አልኳቸው። ወደ ፊት እሄዳለሁ፣ ድንጋዩን አልፈዋለሁ፣ ዞሬ አየዋለሁ። ቢጫ ከሆነ እጠራቸዋለሁ፣ ይመጣሉ። ካልሆነ እመለስና በሌላ በኩል እሞክራለሁ። ብዙ ከሄድን በኋላ መዞሩ ሲሰለቸኝ ጭራሽ ወደ ኋላዬ መሄድ ጀመርኩ፣ ፊቴን ወደ እሳቸው አድርጌ። በጉሙ ውስጥ በቅሎዋን ይዘው ቀስ እያሉ ሲመጡ አያቸዋለሁ። አንድ ጊዜ በቂጤ እርጥቡ ሣር ላይ ተቀመጥኩ። ለማሳቅ አልነበረም። አልሳቁም። እጃቸውን ሰጥተው አነሱኝ።

አንዴ ብቻ ተናገሩ። "በዚህ ሳታመጣኝ አልቀረችም፣ በዚች አቀበት" አሉ። ሌላ አላሉም።

ሊመሽ ሲል እትዬ አስካለ ቤት ደረስን። ከሞላሌ በላይ ናቸው፣ የድሮ ጎረቤት። በሩን ሲከፍቱ ዓይናቸው አብጧል፤ ጭስ ነው አሉ። ጋሼ ሰላም ብለው ገቡ። ቀለሙ አለቀብን፣ ተመለስን አሉ። የቀረበላቸውን በሉ። ስለ ገብሱ፣ ዘንድሮ ውርጭ እንዳልመታው አወሩ። እትዬ አስካለ ጎንበስ ብለው ወደ ጓዳ ገቡና ሳይወጡ ቆዩ።

 ጋሼ ያላወቁ እየመሰሉ ነው። ገባኝ። መንገድ ላይ አረዳ ተብዬ እንዳልወቀስ ነው። ታደሰ ይሰድበኛል፣ ሽማግሌዎቹ ያወግዙኛል፣ እናቴም አንገቷን ትደፋለች። እሳቸው ይህን አስበው ነው። በዚህ ቀን እኔን ያስባሉ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 15

ገና ጎህ ሳይለይ መጡ። ታደሰ፣ ሽማግሌዎች፣ ሁለት ጉልበታም ጎረቤቶች። እትዬ አስካለ ውሃ በማሰሮ አዘጋጅተዋል። ጉልበታሞቹ በግራና በቀኝ ተጠጓቸው። ሁሉም በወግ በወጉ ነው። አንደኛው ሽማግሌ ጋቢያቸውን ተከናንበው በዱላቸው ተደግፈዋል። ልክ እኔ እንደማደርገው። ማለቴ፣ እኔ ልክ እንደ እሳቸው ነው የማደርገው። አንገቴን ደፋሁ።

"ሽፈራው፣ ወንድሜ፣ ልብህን አጽና" አሉ። "እህትህ ዘነበች አርፋለች።"

ጋሼ መጀመሪያ ሽማግሌውን አላዩም። የታደሰን ፊት አዩ። ቀጥለው እትዬ አስካለን። ቀጥለው እኔን፤ ለረጅም ጊዜ። ከዚያ ተንገዳገዱ። ሁለቱ ሰዎች ባይይዟቸው በግንባራቸው ይወድቁ ነበር።

"እታለሜ" አሉ። "አዝለሽ አምጥተሽ የት ጣልሽኝ።"

እንዲህ ያለ ልቅሶ ከሰው አንደበት ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። ውሃ አፈሰሱላቸው፣ አልሰማ አላቸው። ደረታቸውን ሲመቱ እጃቸውን ያዙ። ታደሰ እግራቸው ላይ ወድቆ አብሮ ያለቅሳል።

እኔ ግን፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እንዴት ያለ ማስመሰል ነው እያልኩ ነበር። እኔ መቼም እንዲህ አልችልም እያልኩ። ለኔ ሲሉ የሰሙትን እንደ አዲስ እየሰሙ ነው ብዬ በሆዴ አመሰገንኳቸው።

ለሰልስቱ ደረስን። ጋሼ መቃብሩ ላይ ተደፉ። አፈሩ ገና እርጥብ ነው። ታደሰ ትከሻዬን ይዞ፣ አደራዬን ጠበቅክልኝ፣ አፍህን ይዘህ አመጣኸው፣ ካንተ አልጠበቅኩም ነበር አለኝ። መሬት ብትከፈት እገባ ነበር።

ቀልድ፦ የለም።

ዓርብ፣ ጥቅምት 16

ለቀስተኛው ሳሳ። ውሃ ቀዳሁ፣ አግዳሚ አመላለስኩ። ሰዎች ገና ሲያዩኝ ፈገግ ይሉና ያለሁበት ቤት ትዝ ሲላቸው መልሰው ይሰበስቡታል። ፊቴ ለልቅሶ ቤት አልተሠራም።

ጋሼ ከድንኳኑ ጥግ በእጃቸው ጠሩኝ። ድምፃቸው ተዘግቷል። አጠገባቸው ቁጭ አልኩ። ሰው በማይሰማበት ሁኔታ፣ ትናንት ስለኔ ብለው ያልሰሙ ስለመሰሉ እግዜር ይስጥልኝ አልኳቸው።

አዩኝ። ምን እንደምል የገባቸው አልመሰለኝም።

"ማን መሰለ?" አሉ።

ወደ እሳቸው ጠጋ አልኩ።

"ወንዙ ዳር ስትነግረኝ አመንኩህ። ትንሽ እንደሄድን ግን፣ ይኸ ቀልማዳ ዘዴውን ለውጦ ነው እንጂ አልኩ። ጋቢውንም የተወው ለዚሁ ነው አልኩ። እስከ አስካለ ቤት ድረስ እንዲያ እያልኩ ነው የመጣሁት። ስንደርስ ስቀህ ታበቃለህ ብዬ ስጠብቅህ ነበር።"

እትዬ አስካለን ለምን አልጠየቁም አልኩ። 

"ብጠይቃት ትነግረኛለቻ።"

ያ ሁሉ መንገድ። በጉሙ ውስጥ ፊቴን ወደ እሳቸው አድርጌ ወደ ኋላዬ ስሄድ፣ የጠፋቸውን መንገድ የማሳያቸው መስሎኝ ነበር። እሳቸው ፊቴ ላይ ሳቅ ነበር የሚፈልጉት። ብስቅላቸው ኖሮ እህታቸው ትኖር ነበር፣ እስከ ሐሙስ ጠዋት ድረስ እንኳ።

ይቅርታ ልል ጀመርኩ። ጉልበቴን ቸብ አደረጉኝ። "ተወው። ያቺን አንድ ቀን ያገኘሁት ባንተ ነው" አሉ። ምርቃት ይሁን ወቀሳ እስካሁን አላወቅኩም።

እንዲህ ዘርግፌ ስጽፈው ትልቅ ነገር መሰለ። አይደለም። አንዲት ሴት በዕድሜዋ ማምሻ ፀሐይ እየሞቀች አረፈች። በወግ ተቀበረች። ወንድሟ ለሰልስቷ ደረሰ። አንድ አፉ የማያርፍ ልጅ ቦታው ባልሆነ ቦታ ሁለት ቃል ተናገረ። ከዚህ ማዶ ያለ ሰው አልሰማም፣ ነገ ገበያው ይቆማል፣ ገብሱም ይታጨዳል። ሲመዘን ትንሽ ነገር ነው፤ በየቤቱ ያለ።

ጋሼ ለበቅሎዋ ገለባ ስጣት አሉኝ። ሰጥቻት መጣሁ።